ምድርን ሳይመረምሩ ጕድጓድ ስለ መቈፈርና መሠረት ስለ መጣል፤ ከሉማሜ አገር የተወሰደ ትምህርት

ጠንቃቃ ገበሬ በሬ ከመግዛቱ በፊት ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ አስነሥቶም ያስኬደዋል። ዘሩንም ከመዝራቱ በፊት አፈሩን በእጁ አፍሶ፣ ዋልካ ወይም ቀይ አፈር መሆኑን ለይቶ፣ ለዚያ የሚስማማውን እህል ይመርጣል። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው የውሃ ጕድጓድ ለማስቈፈር፣ ወይም የትምህርት ቤትና የጐተራ መሠረት ለመጣል በተነሣ ጊዜ፣ ከእግሩ በታች ያለውን ምድር ሳይመረምር፣ ቦታውን ለመንገድ ስለ ቀረበ ወይም ለአንድ ባለ ሥልጣን ደጅ ስለ ተመቸ ብቻ ሲመርጥ ይታያል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ደረቅ ሆኖ የሚቀር ጕድጓድ፣ ጥቂት ክረምት ሳያልፍበት የሚሰነጠቅ ግድግዳ፣ ከአፋፉ ጋራ የሚናድ መንገድ ይገኛል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት ለዚህ ዐይነቱ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ይህን ጕዳት ለማስቀረት የሚረዳ ልዩ የምርመራ ሥራ አለ፤ እርሱም የከርሰ ምድር ውሃና የምሕንድስና ጂኦሎጂ ጥናት ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ትምህርት፣ ይህ የጥናት ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ በምሥራቅ ጎጃም በሉማሜና በአካባቢዋ ያለው ምድር ምን ጠባይ እንዳለው፣ የአገር ሹማምንትና የመሬት ባለይዞታዎችም መርማሪዎቹን ከመጥራታቸው በፊትና ከጠሩም በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው የሚያስረዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. ስለ ሁለቱ ጥናቶች ትርጓሜ

ጂኦሎጂ ማለት የምድርን አካል፣ ይኸውም የዐለቱንና የአፈሩን አፈጣጠርና አቀማመጥ የሚመረምር ዕውቀት ነው። ከዚህ ዕውቀት ሁለት ቅርንጫፎች ለአገር አስተዳደር ሥራ እጅግ የቀረቡ ናቸው። የመጀመሪያው ሃይድሮጂኦሎጂ ይባላል፤ ዝናብ ከወረደ በኋላ ወደ ምድር የሰረገው ውሃ በየትኛው ዐለት ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ወደ የት እንደሚሄድ፣ መጠኑ ስንት እንደ ሆነ፣ ለመጠጥም የሚበጅ መሆኑን ይመረምራል። ሁለተኛው የምሕንድስና ጂኦሎጂ ይባላል፤ ቤትን፣ ድልድይን፣ መንገድን ወይም ግድብን የሚሸከመው መሬት ሸክሙን የሚችል መሆኑን፣ የሚያብጥ ወይም የሚንሸራተት መሆኑን ያጠናል።

ሁለቱ ጥናቶች በአንድ ክፍል ተጣምረው መገኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መሬትን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው ውሃ ነውና። ዋልካ የሚያብጠው ውሃ ሲጠጣ ነው፤ ገደል የሚናደው ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲሰርገው ነው፤ የግድብም መሠረት የሚፈርሰው ውሃ በሥሩ መንገድ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የውሃውን መንገድ ያወቀ ሰው የመሬቱንም ድካም ለማወቅ ይቀርባል።

ይህ ዕውቀት በውጭ አገርም ቢሆን የተወለደው ከመጠጥ ውሃ ችግር ነው። ሄንሪ ዳርሲ የሚባል የፈረንሳይ መሐንዲስ ለዲዦን ከተማ ውሃ ለማምጣት ብዙ ከደከመ በኋላ፣ በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ውሃ በአሸዋ መካከል የሚያልፍበትን ሕግ ገለጠ። የሕጉም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በአሸዋው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ መጠን የሚበዛው በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ሲበዛና አሸዋው ውሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ ሲሆን ነው። ዛሬ የጕድጓድ ውሃ የሚለኩ ሊቃውንት ሁሉ ሒሳባቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በ1968 ተቋቋመ። የመላ አገሪቱን የከርሰ ምድር ውሃ ሁኔታ ባንድነት የሚያሳየውም ካርታ በአቶ ተስፋዬ ቸርነት ተዘጋጅቶ በ1988 ወጣ። በዚያ ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ የተዘጋጁት ዝርዝር ካርታዎች ደግሞ በ1 ሳንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያሳያሉ። ይህም ለሹማምንት አንድ ነገር ያስተምራል። ካርታው የትኛው አውራጃ በውሃ እንደሚታደልና የትኛው እንደሚቸገር ይናገራል እንጂ፣ ጕድጓዱ ከዋርካው በስተ ቀኝ ወይም በስተ ግራ ይቈፈር ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ካርታ አለ ተብሎ የቦታ ምርመራ አይቀርም፤ የቦታ ምርመራም ይደረጋል ተብሎ ካርታው አይናቅም።

2ኛ. የሉማሜ ምድር እንዴት እንደ ተነባበረ

ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በደቡብ በኩል የዓባይ ሸለቆ ተቈርጦ ይወርዳል። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ የሚባሉት ወንዞች ከጮቄ ተነሥተው ደጋውን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይገባሉ። የዚህ አገር ሰው እንግዲህ በሁለት ኀይል መካከል ይኖራል፤ አንዱ ውሃ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ውሃ ይወስድበታል።

የምድሩን ውስጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ልብ ብሎ ቢመለከት ይበቃዋል፤ ወንዙ ምድሪቱን እንደ ድፎ ዳቦ ቈርጦ ውስጧን ገልጦ ያሳያልና። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቍልቍለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። በላይ ያለው ባዛልት የሚባለው ጥቍር ዐለት ነው፤ ይህም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ እየወጣ በየጊዜው እንደ እንጀራ ተነባብሮ የረጋ ነው። ከባዛልቱ በታች አሸዋማ ድንጋይ ይገኛል፤ ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፤ ከኖራው ድንጋይ በታች ከጭቃ ድንጋይ ጋራ የተነባበረ ጀሶ፤ በስተ መጨረሻም ሌላ አሮጌ አሸዋማ ድንጋይ አለ። የጮቄ ተራራ ግን ከሌሎቹ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በባዛልቱ ደጋ ላይ የተከመረ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው።

ይህ መነባበር ለተማሪ ብቻ የሚጠቅም ታሪክ አይደለም። እያንዳንዱ ንብርብር ውሃን የሚይዝበትና ሸክምን የሚችልበት ጠባይ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ለአስተዳዳሪም የዕለት ተዕለት ጕዳይ ነው።

3ኛ. ውሃ በምድር ውስጥ እንዴት እንደሚኖር

ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውሃ ማለት በዋሻ ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈስ ወይም እንደ ሐይቅ የተኛ ውሃ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ውሃው የሚቀመጠው በአሸዋው ቅንጣት መካከልና በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጠንካራና ስንጥቅ የሌለው ባዛልት እንደ ሸክላ ገንቦ ውሃ አያስገባም፤ የተሰነጠቀው፣ ዕድሜ ያላላው፣ ወይም እንደ ወንፊት ቀዳዳ የበዛበት ግን ውሃ ያዝላል። በአንዱ ባዛልትና በሌላው መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀላጩ ዐለት ያቃጠለው አሮጌ ቀይ አፈር ይገኛል፤ ይህ አፈር ሸክላማ ስለ ሆነ ውሃውን ወደ ታች እንዳያልፍ ያግደዋል። ወደ ታች መውረድ የተከለከለው ውሃ በጐን እየሄደ፣ ንብርብሩ በተቈረጠበት ተዳፋት ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ተዳፋት ላይ ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው ቢታዩ፣ ከሥራቸው ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር መኖሩን ያመለክታሉ።

በደብረ ማርቆስ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል። ታዲያ ይህን ያህል ዝናብ በሚወርድበት አገር ስለ ምን በመጋቢትና በሚያዝያ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይኬዳል? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተሰብስቦ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ዋልካው አንድ ጊዜ ከጠገበ በኋላ ቀዳዳው ስለሚደፈን፣ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይተኛል ወይም ጐርፍ ሆኖ ይሄዳል። ሦስተኛው፣ ወደ ውስጥ የሰረገውም ቢሆን በጥልቁ የዓባይ ሸለቆና በገባሮቹ ሸለቆዎች ይሳባል፤ ከገንቦ ሥር ቀዳዳ ቢኖር ውሃው እስከ ቀዳዳው ድረስ ዝቅ እንደሚል ሁሉ፣ በአፋፍ አጠገብም የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ይላል።

ከዚህ የተነሣ የአካባቢውን መሬት በሦስት ከፍሎ ማሰብ ይጠቅማል። ወደ ጮቄ ግርጌ በሚጠጋው አገር ምንጭ ስለሚበዛ፣ ጕድጓድ ከመቈፈር ይልቅ ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ አበጅቶ በቧንቧ መሳብ ይቀላል። በሜዳው አገር ከዋልካው በታች ያለው የላላ ባዛልት ውሃ ሊሰጥ ስለሚችል፣ በእጅ የሚቈፈር ወይም መጠነኛ ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ሊሞከር ይገባል። ወደ አፋፉ በሚጠጋው አገር ግን ውሃው ጠልቆ ስለሚገኝ ያለ መሣሪያ ምርመራ መቈፈር ገንዘብን ወደ ገደል እንደ መጣል ነው። ከዚያም በታች እስከ ጀሶው ንብርብር ቢደረስ፣ ጀሶ በውሃ ስለሚሟሟ፣ የሚገኘው ውሃ መራራና ሆድን የሚያስቀምጥ ሊሆን ይችላል።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በአፋፍ አጠገብ ያለች አንዲት ቀበሌ አለች እንበል። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ጕድጓድ ለማስቈፈር ተስማማ። አንድ የተከበረ ሰው ጕድጓዱ በደጁ አጠገብ እንዲሆን ፈለገ፤ ሽማግሌዎችም ላለማስቀየም እሺ አሉ። ቦታው ለአፋፉ ቅርብ ነበረና ሰዎቹ እስከሚችሉት ጥልቀት ቈፍረው ደረቅ ድንጋይ ብቻ አገኙ። ወደ ተራራው በኩል የግማሽ ሰዓት መንገድ ራቅ ብሎ ደግሞ ሣሩ በበጋ የማይደርቅበት ረግረግ ነበረ፤ ነገር ግን ስለዚያ ስፍራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ አለቀ፤ ሴቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመለሱ። በዚህ ምሳሌ የጠፋው ውሃው አይደለም፤ የጠፋው ጠይቆ መመርመርና ለሁሉ እኩል ማሰብ ነው።

4ኛ. መርማሪዎቹ ሥራቸውን የሚሠሩበት መንገድ

የከርሰ ምድር ውሃ መርማሪ ወደ አንድ ወረዳ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው መሣሪያ መትከል አይደለም፤ ምንጭንና አሮጌ ጕድጓድን እየዞረ መቍጠርና መጠየቅ ነው። ስለዚህም ጕዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅ፣ የትኛው በክረምት እንደሚደፈርስ፣ የትኛው ከብት እንደማይጠጣው ያውቃሉ። አስተዳዳሪው መርማሪውን ከሹማምንት ጋራ ብቻ አስቀምጦ ቢያነጋግረው የምርመራው ግማሽ ይጐድላል።

ከዚህ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ይመረመራል። አራት የብረት ካስማዎች በመሬት ላይ በቀጥታ መሥመር ይተከላሉ፤ በውጭዎቹ ሁለት ኤሌክትሪክ ይገባል፤ በመካከለኞቹ ሁለት የመሬቱ ተቃውሞ ይለካል። ደረቅና ጠንካራ ዐለት ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይቃወማል፤ ውሃ ያዘለ ዐለት ያን ያህል አይቃወምም፤ ሸክላና ጨዋማ ውሃ ከሁሉ ያነሰ ይቃወማሉ። ካስማዎቹ እየተራራቁ በሄዱ መጠን ልኩ ጥልቁን ምድር ይነካል። ሸክላና ውሃ የሚሰጡት ልክ አንዳንድ ጊዜ ስለሚመሳሰል፣ የመሣሪያው ቍጥር ብቻውን አይታመንም፤ ከዐለቱና ከምንጩ ምስክርነት ጋራ ተገናዝቦ ይተረጐማል።

ጕድጓዱ በመሣሪያ በሚቈፈርበት ጊዜ የሚወጣው የዐለት ፍርፋሪ በየጥልቀቱ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ውሃው የተገኘበትም ጥልቀት ይጻፋል። ቍፋሮው ካለቀ በኋላ ውሃው በፓምፕ ለብዙ ሰዓት ሳያቋርጥ ይሳባል፤ በጕድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል ዝቅ እንዳለና ፓምፑ ሲቆም በስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ ይለካል። ይህ ፈተና የጕድጓዱን እውነተኛ ዐቅም ያሳያል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ የሰጠ ጕድጓድ በሁለተኛው ቀን ሊነጥፍ ይችላልና፣ ያለዚህ ፈተና ፓምፕ መግዛት አይገባም።

በመጨረሻ ውሃው በኬሚስትሪ ይመረመራል። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ጤናማ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ አገር ብዙ ጕድጓዶች ፍሎራይድ የሚባል ነገር ስለሚበዛባቸው የሰውን ጥርስ ያበልዛሉ፤ ለብዙ ዘመን ሲጠጣ ዐጥንትንም ያጐብጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በ1 ሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት መጐዳታቸው በሐኪሞች ተጠንቶ ተጽፏል። በጎጃም ደጋ ይህ ችግር እንደ ስምጥ ሸለቆው የሚያሰጋ ባይሆንም፣ ከመጸዳጃና ከከብት ጕድፍ የሚገባው በሽታ ግን በማናቸውም አገር ስለሚያሰጋ ምርመራው አይቀርም።

በሚገባ የተመረመረ ምድር ምን ያህል እንደሚሰጥ ለማወቅ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለውን የአቃቂን የጕድጓድ ውሃ መመልከት ይበቃል። እዚያ ያለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብዙ ውሃ ስለሚያዝል ለዋና ከተማይቱ ከሚቀርበው የመጠጥ ውሃ ትልቅ ድርሻ ይሰጣል። በአማራ አገርም በቆቦ ሜዳ ከተራራው በታጠበ ደለል ውስጥ የተከማቸው ውሃ ለመስኖ እርሻ ውሏል። የሉማሜ ባዛልት እንደ እነዚህ አይደለም፤ ስለዚህ በአቃቂ የተሳካው በሉማሜም እንዲሁ ይሳካል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

5ኛ. ስለ መሬት ጥንካሬ ምርመራ

በሉማሜና በቢቸና በኩል ያለው ዋልካ ለነጭ ጤፍ የተመሰገነ ነው፤ ለቤት መሠረት ግን ክፉ ጠላት ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲነሣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሲወርድ በላዩ የተሠራውን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል። ግድግዳውን ደጋግሞ መለሰን የሕመሙን ቍስል መሸፈን ነው እንጂ ሕመሙን ማዳን አይደለም።

ይህን ጠባይ ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ደርቆ የደቀቀ አፈር 10 ኩብ ሳንቲ ሜትር ያህል ተሰፍሮ፣ ልክ በተጻፈበት የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈስና እስኪረጋ አንድ ቀን ይጠበቃል። የረጋው አፈር ከ15 በላይ ቢያሳይ አፈሩ የሚያብጥ ስለ ሆነ መሐንዲስ ሳይጠየቅ መሠረት አይጣልበትም። መድኀኒቱም መሠረቱን ስንጥቁ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ወደ ጠንካራው ዐለት ማውረድ፣ ወይም ዋልካውን አውጥቶ በተመረጠ ድንጋያማ አፈር መተካት፣ የጣራውም ውሃ በግድግዳው ሥር እንዳይፈስ ቦይ ማበጀት ነው።

ለትልልቅ ሥራ ደግሞ መሬቱ በመዶሻ ይመረመራል። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ አንድ የብረት ቱቦ ወደ ጕድጓዱ ሥር ይመታል፤ ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ የተመታበት ቍጥር ይጻፋል። በጥቂት ምት የገባበት ደካማ መሬት ነው፤ በብዙ ምት የገባበት ብርቱ ነው።

ይህ ምርመራ ሲጐድል የሚደርሰውን ጥፋት የዓለም ታሪክ ያስረዳል። በደቡብ ፈረንሳይ ማልፓሴ የሚባለው ግድብ በ1959 በታኅሣሥ ወር ፈርሶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ግንቡ ደካማ አልነበረም፤ ነገር ግን በግራ ወገን ከሥሩ ባለው ዐለት ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ገፍቶ መሠረቱን አነቃነቀው። በአገራችንም ለጊቤ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል ሥራ 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ሲቈፈር፣ በ2006 የመቈፈሪያው መኪና ከደካማ የምድር ክፍል ጋራ ተገናኝቶ፣ በኀይል የተገፋ ጭቃ ሥራውን ለረጅም ጊዜ አቋረጠው። ሥራው አልቆ በ2010 መጀመሪያ ከተመረቀም ከጥቂት ቀናት በኋላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ለብዙ ወራት ጥገና አስፈለገው። በጥልቅ ምድር ውስጥ የሚያጋጥመውን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ለሊቃውንትም ይቸግራል፤ ስለዚህ ምርመራው ቢበዛ እንጂ ቢያንስ አይበጅም።

ለሉማሜ ሰው ግን ከሁሉ የቀረበው ምስክር የዓባይ ሸለቆ መንገድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረው ይህ መንገድ በሚንሸራተት ተዳፋት ላይ ስለሚያልፍ በየጊዜው ይሰምጣል፤ ይሰነጠቃል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2008 ተከፈተ፤ ይሁን እንጂ ድልድዩ የቱንም ያህል ቢበረታ ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው መሬት ከተንቀሳቀሰ ጕዞው ይታወካል። ስለዚህ ከ2010 ጀምሮ የጃፓን ሊቃውንት ከኢትዮጵያ የጂኦሎጂ መርማሪዎች ጋራ ሆነው የተዳፋቱን እንቅስቃሴና በውስጡ ያለውን ውሃ በመሣሪያ እየለኩ አጥንተዋል። የመንሸራተት መድኀኒት አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ከተዳፋቱ ውስጥ ማውጣት ነውና፣ የሁለቱ ጥናቶች መጣመር ጥቅሙ በዚህ ይታያል። ከክረምት በኋላ በተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም ያልነበረ ምንጭ ቢታይ፣ ይህ መሬቱ መንቀሳቀስ መጀመሩን የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ አስተዳዳሪው ከሥሩ ያሉትን ሰዎች ወዲያው ማስጠንቀቅና ለባለሙያ ማመልከት ይገባዋል።

6ኛ. የአገር ሹማምንትና የባለይዞታዎች ተግባር

አንደኛ፤ በየቀበሌው ያሉት ምንጮችና ጕድጓዶች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፉ። ስማቸው፣ ስፍራቸው፣ ጥልቀታቸውና የሚደርቁበት ወር ይመልከት።

ሁለተኛ፤ የምንጭ ውሃ የሚለካው በመስከረም ሳይሆን በበጋ መጨረሻ ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ውሃው በአንድ ቦይ ተሰብስቦ 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ይታያል። በ40 ሴኮንድ ቢሞላ ምንጩ በ1 ሴኮንድ ግማሽ ሊትር፣ በ1 ቀንና ሌሊት 43200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። መንግሥት ለገጠር ሰው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር እንዲደርሰው ብሎ ባወጣው ዕቅድ ቢከፈል፣ ይህ ምንጭ ለ1728 ሰው ይበቃል። ሌሊት የሚፈሰው ውሃ እንዳይባክን ግን የማጠራቀሚያ ገንዳ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ መጸዳጃ ከጕድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጕድጓዱም በታች እንጂ በላይ አይሁን። የከብት ማጠጫ ገንዳ ከሰው መቅጃ ተለይቶ ይሠራ፤ ዙሪያውም ይታጠር።

አራተኛ፤ ጕድጓድ በተቈፈረ ጊዜ፣ ውሃ ቢገኝም ባይገኝም፣ የቍፋሮው ዝርዝር ተጽፎ አንዱ ቅጅ በወረዳው፣ ሁለተኛው በጥናት መሥሪያ ቤቱ ይቀመጥ። ደረቅ ጕድጓድ እንኳ መዝገቡ ከተጠበቀ ለሚቀጥለው ቈፋሪ መምህር ይሆናል። መዝገቡ ከጠፋ ግን ልጅ አባቱ የከሰረበትን ስፍራ ሳያውቅ ደግሞ ቈፍሮ ይከስራል።

አምስተኛ፤ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ይጠበቅ። እርከን የተሠራበትና ሣር የለበሰ መሬት ጐርፉን አዘግይቶ ውሃውን ወደ ውስጥ ያሰርጋል። በጮቄ ጐን ያለው መሬት ሲራቈት የሚጐዳው በዚያ ያለው ባለይዞታ ብቻ አይደለም፤ በታች በሜዳው ያለውም ምንጩ ይደክምበታል።

ስድስተኛ፤ ለሕዝብ የሚሆን ቤት፣ ድልድይ ወይም ጕድጓድ ስፍራው የሚወሰነው በምርመራ እንጂ በሰው ፊት አይሁን። ባለይዞታው ውሃው በይዞታው ውስጥ ቢገኝ ለጎረቤቱ እንዳይከለክል፣ አስተዳዳሪውም ከመቈፈሩ በፊት የመጠቀሚያውን ሥርዐት በጽሑፍ እንዲያስማማ ይገባል። ከውሃ በኋላ የሚነሣ ጠብ ከውሃ በፊት በሚደረግ ስምምነት ይቀራል።

ምድር ምስጢሯን አትሰውርም፤ በምንጩ፣ በዐለቱ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ትናገራለች። የሚጐድለው አድምጦ የሚጽፍ ሰው ነው። ዛሬ አንድ የወረዳ ጸሓፊ በመዝገቡ ላይ የሚያሰፍራት የምንጭ ልክ፣ ነገ መርማሪው ሲመጣ የብዙ ቀን ድካም ታስቀርለታለች፤ የሕዝቡም ገንዘብ ደረቅ ድንጋይ ውስጥ እንዳይቀበር ታደርጋለች። በሚያዝያ ፀሓይ እንስራ አዝላ ከወንዝ አፋፍ የምትወጣውን ሴት መንገዷን ለማሳጠር የሚፈልግ ሹም፣ ሥራውን ከዚህ መዝገብ ይጀምር።